ንጉሡ ብቻውን አልተሸነፈም፦ ስለ ሐቲን ጨዋታ ለተጻፈ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የመካከለኛው ዘመን ውጊያዎችን ጠረጴዛ ላይ፣ በትንንሽ ወታደሮችና በዳይስ፣ ስድስት ሰባት ሰው ሆኖ እንደገና መዋጋት ጊዜ ማባከን ነው ይላል። ማሳያ ያደረገው የሐቲንን ውጊያ ነው። እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሐቲንን ከጓደኞቼ ጋር ደጋግመን ተጫውተነዋል፤ ዳኛ ሆኜ የምቀመጠውም ብዙውን ጊዜ እኔ ነኝ።

የጽሑፉ ክሶች አምስት ናቸው። ውጤቱ የታወቀን ውጊያ መድገም ትርጉም የለውም። ዳይስ ዕድል እንጂ ታሪክ አይደለም፤ የቀረውንም ዳኛው እንዳሻው ያደርገዋል። ሰው ሲበዛ ጨዋታው ገበያ ይሆናል፤ ለአንድ ወገን አንድ አዛዥ ይበቃል። በሃይማኖት ስም የተላለቁ ሰዎችን መጫወቻ ማድረግ ነውር ነው። ደግሞስ ኮምፒውተር እያለ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን?

ጸሐፊው ታሪኩን ያውቁታል፤ ያስታውቃል። እኔ ግን በእሳቸው ቅደም ተከተል አልሄድም። ከሦስተኛው ክስ ልጀምር፤ ሌሎቹ የተደገፉት እሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ1187 ኢየሩሳሌም በመስቀል ጦረኞች እጅ ነበረች። ንጉሣቸው ጊ ደ ሉዚኛን ይባላል። አውሮፓውያን ሳላዲን የሚሉት ሰላሁዲን ደግሞ ግብፅንና ሶርያን አንድ ላይ ይዟል። ጁላይ 2 ቀን ሰላሁዲን ጥብርያዶስን ከበበ። የንጉሡ ሠራዊት ያን ጊዜ ሰፉሪያ ላይ ነበር፤ ከናዝሬት በስተሰሜን፣ ምንጭ ያለበት ቦታ ነው። ከዚያ እስከ ጥብርያዶስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሩቅ አይደለም። ግን ጁላይ በዚያ አገር ሐሩር ነው፤ መንገዱም ለዚያ ሁሉ ሰውና ፈረስ የሚበቃ ውኃ የለውም። ጁላይ 3 ማለዳ ተነሡ። ሳይደርሱ መሸባቸው። ሌሊቱን ያለ ውኃ አደሩ። በማግስቱ የሐቲን ቀንዶች በሚባሉት ሁለት ጉብታዎች ላይ ተደመሰሱ። ንጉሡ ተማረከ፤ ይዘውት የዘመቱት ግማደ መስቀልም ተወሰደ። ኦክቶበር 2 ቀን ኢየሩሳሌም ለሰላሁዲን እጅ ሰጠች።

እንግዲህ ጸሐፊው “አንድ ጦር አንድ አዛዥ ነው ያለው፤ ተጫዋቹም አንድ ይሁን” ይላሉ። የዛሬን ሠራዊት እያሰቡ ከሆነ አልፈርድባቸውም። የመካከለኛው ዘመን ጦር ግን እንደዚያ አይደለም። እያንዳንዱ ጌታ የራሱን ሰው፣ የራሱን ባንዲራና የራሱን ቂም ይዞ ነው የሚመጣው። ንጉሥ ያዛል ይባላል እንጂ ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው መለመን ነው።

ጁላይ 2 ምሽት ሰፉሪያ ላይ በንጉሡ ድንኳን ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች እንያቸው።

የትሪፖሊው ሬይሞንድ አለ። ጥብርያዶስ በሚስቱ በኩል የእሱ ናት። ሚስቱ ኤሺቫ በዚያች ሰዓት ምሽጉ ውስጥ ተከባለች። ሆኖም “አትሂዱ” ያለው እሱ ነው። ከተማዋ ብትወሰድ ትመለሳለች፣ ሠራዊቱ ካለቀ ግን አገሩ ያልቃል ነው ነገሩ። ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። ችግሩ ምክሩ አይደለም፤ መካሪው ነው። ሬይሞንድ በ1186 ጊ ሲነግሥ አልገዛም ብሎ ነበር። ከሰላሁዲን ጋር ለብቻው ስምምነት ነበረው። በ1187 ጸደይ የሰላሁዲን ፈረሰኞች በግዛቱ እንዲያልፉ ፈቀደ። ሜይ 1 ቀን እነዚህ ፈረሰኞች ክሬሰን ከሚባል ምንጭ አጠገብ ቴምፕላርና ሆስፒታለር ከሚባሉት የተዋጊ መነኮሳት ማኅበራት ባላባቶች ጋር ተጋጠሙና ፈጇቸው። ታዲያ ከሁለት ወር በኋላ “ሰላሁዲንን አትግጠሙት” ሲል ማን ደስ ብሎት ይሰማዋል?

ከክሬሰን በጣት ከሚቆጠሩ ሰዎች ጋር አምልጦ የወጣው ደግሞ የቴምፕላሮቹ አለቃ ጄራርድ ደ ሪድፎር ነው። እሱም እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። የሬይሞንድና የጄራርድ ጠብ በክሬሰን አልተጀመረም። ጄራርድ ወጣት ሳለ ሬይሞንድ ባለርስት ሴት ሊድርለት ቃል ገብቶ ነበር፣ ኋላ ግን ወርቅ ለከፈለ የፒዛ ነጋዴ ዳራት ይባላል። በዚያ ላይ ጄራርድ ንጉሡን ውለታ አስገብቶታል። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ቴምፕላሮች ዘንድ ያስቀመጠውን ገንዘብ አውጥቶ ለዚህ ዘመቻ ወታደር የቀጠረበት እሱ ነው።

ንጉሡስ? ጊ ከ4 ዓመት በፊት ልክ እንደዚህ ያለ ነገር ገጥሞት ነበር። በ1183 በለምጽ ለታመመው ለባልድዊን 4ኛ እንደራሴ ሆኖ ትልቅ ጦር ይዞ ወጣ። ሰላሁዲን ፊት ለፊቱ ሰፈረ። ጊ ውኃው አጠገብ ተቀምጦ አልገጥምም አለ። ሰላሁዲንም ስንቁ ሲያልቅበት ተመለሰ። በጦር ስልት ካየነው ትክክል ነው። ምስጋናው ግን “ፈሪ” መባል ሆነ፤ እንደራሴነቱንም ተነጠቀ። እንግዲህ በ1187 “ቁጭ በል፣ ውኃህን ጠብቅ” ሲሉት ምን ትዝ እንደሚለው አስቡት።

ምሽቱን ምክር ቤቱ በመቆየት ተስማማ። ሌሊት ጄራርድ ብቻውን ተመልሶ ወደ ንጉሡ ገባ። ሲነጋ “ተነሡ” ተባለ።

አሁን ጸሐፊውን ልጠይቅ። ይሄን በአንድ ተጫዋች እንዴት አድርገው ነው የሚያሳዩት? አንድ ሰው ከራሱ ጋር ይጣላ? ራሱን በሌሊት ቀስቅሶ ያሳምን? የመስቀል ጦረኞቹን ሁሉ አንድ ሰው ከያዘ ሰፉሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ሰላሁዲንን የያዘውም ማዶ ለማዶ እያየው ያዛጋል። ያኔ “ጨዋታው ከንቱ ነው” ቢሉ እኔም አብሬ እላለሁ።

እኛ ዘንድ የሚደረገው እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ካርድ አለው። ካርዱ ላይ የሚያውቀው፣ የሚፈልገውና የሚፈራው ተጽፏል፤ ለማንም አያሳይም። የጊ ካርድ የ1183ቱን ውርደት ይነግረዋል። ጥብርያዶስ ያለ ውጊያ ከወደቀች ዘውዱ እንደሚነቃነቅም ይነግረዋል። የሬይሞንድ ካርድ ጦሩ በሕይወት ከተረፈ አሸንፈሃል ይላል። የጄራርድ ካርድ ሬይሞንድ ባለበት ምክር ቤት ሁሉ የሬይሞንድ ሐሳብ ካለፈ ተሸንፈሃል ይላል። ምክር ቤቱ 15 ደቂቃ ነው። ከዚያ ጊ “ይተኛል”፤ ማለትም ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል። የፈለገ ሰው ለብቻው ገብቶ 2 ደቂቃ ሊያናግረው ይችላል። እኔ በር ላይ ሰዓት ይዤ እቆማለሁ።

አንድ ጊዜ ጄራርድን የያዘው ጓደኛችን ገባ። ባሕርዩ ዝምተኛ ነው፤ ምክር ቤቱ ላይም ትንፍሽ አላለም። ስለ ጦር ስልት አንዲት ቃል አላነሣም። “ያንን ገንዘብ ያወጣሁት ለማን ነበር?” አለው። ትንሽ ቆየና “ነገ ጠዋት ሬይሞንድ ነገሥታትን የሚያስቀምጥና የሚያስነሣ ሰው ይሆናል፤ አንተ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ ተቀምጦ ያየ” ብሎት ወጣ። ሁለት ደቂቃውን እንኳ አልጨረሰም። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ሙሉ “እኔ ካልሞትኩ ከሰፉሪያ ንቅንቅ አልልም” ሲል የነበረው የጊ ተጫዋች ወጥቶ የመጀመሪያ ትእዛዙን ሰጠ፦ ሰልፍ። የሬይሞንድ ተጫዋች ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። ገበያ የተባለው ይሄ ከሆነ፣ አዎ ገበያ ነው።

ሰልፉ ሲጀመር ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። ሬይሞንድ ከፊት፣ ንጉሡ መሐል፣ ከጌቶቹ አንዱ የሆነው የኢቤሊኑ ባሊያን ከቴምፕላሮች ጋር ከኋላ ነው የሚሄደው። የጎን ለጎን ሰው ካልሆነ በቀር መነጋገር ክልክል ነው። መልእክት ያለው በቁራጭ ወረቀት ይጽፋል፤ እኔ ከአንድ ዙር በኋላ አደርሰዋለሁ። የኋላው ጦር በቀስተኛ ፈረሰኞች ሲመታ ባሊያን “ቁሙልን” ብሎ ይጽፋል። ወረቀቱ ሲደርስ ሬይሞንድ ርቆ ሄዷል። ንጉሡ ደግሞ መሐል ላይ ግራ ገብቶታል፤ ቢቆም ከውኃው ይቀራል፣ ቢሄድ የኋላው ይቆረጣል። በታሪኩም ሠራዊቱ እንዲቆም ካስገደዱት ነገሮች ዋናው የኋላው ጦር መመታት ነው። ይሄ የተጫዋቾች ብዛት ያመጣው ጉዳት ነው ካልን ጊ ደ ሉዚኛንም በዚያው ጉዳት ነው የተሸነፈው።

ሐቲን ብቻ መስሎ እንዳይታይ ሌሎችም ልጥቀስ። ክሬሲ ላይ፣ በ1346፣ የፈረንሳዩ ፊሊፕ 6ኛ ውጊያውን ለማግስቱ አስተላልፎ “ቁሙ” ብሎ ነበር። ከፊት ያሉት ሲቆሙ ከኋላ ያሉት “እነሱ ያሉበት ሳንደርስ አንቆምም” ብለው ገፉ፤ ጦሩ ሳይዘጋጅ ማምሻውን ተማገደ። ኒኮፖሊስ ላይ፣ በ1396፣ የሃንጋሪው ሲጊስሙንድ ቀላል ጦር ይቅደም ቢል የፈረንሳይ ባላባቶች ክብራችን ተነካ ብለው ቀደሙ። ቦስዎርዝ ላይ፣ በ1485፣ የስታንሊ ወንድማማቾች ጦራቸውን ይዘው ዳር ቆመው ሲያዩ ቆዩ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ የአንደኛውን ልጅ መያዣ አድርጎ ነበር፤ አልጠቀመውም። በመጨረሻው ሰዓት ዊልያም ስታንሊ በንጉሡ ላይ ዘመተ። ቦስዎርዝን ለሁለት ሰው ብቻ አዘጋጅቶ ስታንሊዎችን በዳይስ የሚያንቀሳቅስ ጨዋታ አይቻለሁ። የውጊያውን ነፍስ ለዳይስ ሰጥቶ መጫወት ምን ይባላል?

የሰላሁዲንም ጎን ከዚህ ነጻ አይደለም። ቀኝ ክንፉን የወንድሙ ልጅ ተቂ አል ዲን ይዟል፤ ግራውን ጎክቦሪ። ጦሩ ከየአገሩ ከየአሚሩ የተሰበሰበ ነው። ለአንድ ወቅት ይዘምታል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ መሄድ ይፈልጋል። ሰላሁዲን ውጊያ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው። ጊ ባይመጣለት ኖሮ አሚሮቹን እስከ መቼ ይይዛቸው ነበር? በእኛ ጨዋታ የአሚሮቹ ትዕግሥት በየዙሩ ይቀንሳል። የሰላሁዲን ተጫዋች ይሄን ለማንም አይናገርም። የጊ ተጫዋች ቢያውቅ ኖሮ ሰፉሪያ ላይ አንቀላፍቶ ያሸንፍ ነበር።

ወደ መጀመሪያው ክስ ልመለስ፤ ውጤቱ የታወቀ ነው ወደሚለው።

እውነቱን ለመናገር ከአምስቱ ውኃ የሚያነሣው ይሄ ነው። ሐቲንን ያነበበ ተጫዋች ውኃውን ትቶ አይወጣም። ካርድም ቢሰጡት፣ የጊን ውርደት ቢያነቡለት፣ የሚያውቀውን እንዳላወቀ ማድረግ ያቅተዋል። ብዙ አዘጋጆች ይሄን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ያልፉታል። ጨዋታውን ጁላይ 3 ጠዋት፣ ጦሩ መንገድ ላይ ሳለ ይጀምሩታል። ያኔ የቀረው የጥም ግድያ ብቻ ነው። ጸሐፊው ያዩት እንዲህ ያለውን ከሆነ ቅር መሰኘታቸው አይገርመኝም።

መፍትሔ ግን አለው። አንደኛው መሸፈን ነው። ለማያውቁን ተጫዋቾች ሐቲን ነው አንላቸውም። ካርታውን አዙረን ሰሜኑን ደቡብ እናደርጋለን፤ ስሞቹን እንቀይራለን፤ ንጉሡ የሌላ አገር ንጉሥ፣ ከተማዋም ሌላ ከተማ ትሆናለች። ውኃው፣ ርቀቱ፣ ቂሙና ውለታው ግን እንዳለ ነው። እንዲህ ስናደርግ የሚወጣው ንጉሥ ይበዛል። ከወጡ በኋላ አጋማሹን ሳያልፉ ቱርዓን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ምንጭ ያገኛሉ። ቆመው ይጠጡ ወይስ ይቀጥሉ? አብዛኛው ይቀጥላል፤ የጊ ሠራዊትም ቀጥሏል። ሰላሁዲን ወዲያው ክንፎቹን ልኮ ከኋላቸው ዘጋው። ጨዋታው ሲያልቅ “ይሄ ሐቲን ነው” ስንላቸው ፊታቸውን ማየት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ደግሞ “የታወቀ” ሲባል ለማን ነው የሚለው ነው። የሰላሁዲን ልጅ አል አፍዳል ያኔ ወጣት ነበር፤ ከአባቱ ጎን ቆሞ ያየውን የታሪክ ጸሐፊው ኢብን አል አሲር ጽፎልናል። የፍራንኮቹ፣ ማለትም የመስቀል ጦረኞቹ፣ ንጉሥ ጉብታው ላይ ነው፤ ቀይ ድንኳኑ ተተክሏል። ባላባቶቹ ቁልቁል ይወረወራሉ፤ የሰላሁዲንን ሰዎች እስከ እሱ ድረስ ይገፏቸዋል። ሰላሁዲን ፊቱ ተለዋውጦ ጢሙን ይዟል። ባላባቶቹ ተመልሰው ወደ ላይ ሲገፉ ልጁ “አሸነፍናቸው!” ብሎ ይጮኻል። እንደገና ይወርዳሉ፤ እንደገና ይገፋሉ፤ ልጁም ይደግመዋል። አባቱ “ዝም በል፤ ያ ድንኳን ሳይወድቅ አላሸነፍናቸውም” ይለዋል። ይሄን እየተናገረ ድንኳኑ ወደቀ። እንግዲህ ጥም፣ ጭስ፣ የእግረኛው መፍረክረክ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ በመጨረሻው ሰዓት፣ አሸናፊው ራሱ እርግጠኛ አልነበረም። እኛ ከ800 ዓመት በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው እርግጠኛ የሆንነው።

እዚህ ላይ የሬይሞንድ ነገር አለ። ጁላይ 4 ቀን ሬይሞንድ ፈረሰኞቹን ይዞ በተቂ አል ዲን ላይ ዘመተ። ተቂ አል ዲን አልተከላከለም፤ ሰልፉን ከፍቶ አሳለፈውና መልሶ ዘጋው። ሬይሞንድ በዚያው ሄደ፤ በዚያው ዓመትም ትሪፖሊ ውስጥ ሞተ። ከዳ ያሉት ብዙ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ይሄ ሲደርስ አስተያየት የሚሰጥ ተመልካች ሳይሆን ራሱ ሬይሞንድ ነው የሚጠየቀው። ተጫዋቹ ሰልፉን ጥሶ ወጣ። ወደ ኋላ ቢመለከት መንገዱ ተዘግቷል፤ አቀበት ነው፤ የቀሩት ፈረሰኞች ጥቂት ናቸው። ባሊያን ከጠረጴዛው ማዶ “ሸጥከን!” ብሎ ጮኸበት። እሱ ደግሞ “ልመለስ? በምን?” አለ። መልስ የሰጠው የለም። ስለ ሬይሞንድ ክህደት የተጻፈውን ሁሉ ካነበብኩት ይልቅ ያቺ “በምን?” ነገሩን አስገብታልኛለች።

ዳይስ ላይ ብዙ አልቆይም። “ዕድል ታሪክ አይሆንም” ማለት ለጆሮ ደስ ይላል። በጥሩ ጨዋታ ግን ዳይስ የሚወስነው ትንሽ ነው። አንድ ዳይስ ከጣሉ 1ም 6ም እኩል ዕድል አላቸው፤ ያኔ ነገሩ ቁማር ይመስላል። ሁለት ጥለው ከደመሩ ግን ከ36 አጋጣሚ 7 የሚመጣው በ6ቱ ነው፤ 2 ወይም 12 በአንዳንዱ ብቻ። ማለትም ብዙ ጊዜ የሚሆነው የሚጠበቀው ነው፤ አልፎ አልፎ ያልታሰበው ይመጣል። ከውጊያ ጋር ይሄ አይመሳሰልም?

የጥም ሕጋችንን ብቻ ላሳይ። እያንዳንዱ የእግረኛ ክፍል ውኃ ባጣበት ዙር ሁሉ ሁለት ዳይስ ይጥላል። መጀመሪያ 3ና ከዚያ በላይ ካመጣ ተረፈ። በሚቀጥለው ዙር 4፣ ከዚያ 5፣ እያለ ይሄዳል። የሰላሁዲን ሰዎች ደረቁን ሣር ካቃጠሉና ጭሱ ከደረሰበት 2 ይጨመራል። መጀመሪያ ላይ ማንም አይፈርስም፤ ተጫዋቹም “ጥም የሚሉት ይሄ ነው እንዴ?” ይላል። ከዚያ 8 ይጠየቃል፤ ከዚያ 9። እግረኛው ሰልፉን ትቶ ወደ ጉብታው መውጣት ይጀምራል፤ ፈረሰኛው ያለ ከለላ ይቀራል፤ ፈረሱ በቀስት ይወድቃል። የትኛው እግረኛ መጀመሪያ እንደሚፈርስ ዳይሱ ይወስናል። እንደሚፈርስ ግን የተወሰነው ጠዋት ሰፉሪያ ላይ ነው።

ስለ ዳኛው ጸሐፊው የተናገሩት ግን ስህተት አይደለም። ዳኛ ሊያበላሽ ይችላል። በ1942 ጃፓኖች ከሚድዌይ የባሕር ውጊያ በፊት ውጊያውን በጠረጴዛ ሞክረውት ነበር። ዳኛው መርከቦቻቸውን በ9 ቦምብ መታቸው፤ ጨዋታውን የሚመራው አድሚራል ኡጋኪ 3 አድርጉት አለ፤ ሰመጠ የተባለ አውሮፕላን ጫኝ መርከብም ተመልሶ ተንሳፈፈ። ባሕር ላይ ሲደርሱ በአሜሪካኖች ተሸነፉ። ሰው ይሄን ታሪክ ጨዋታው ከንቱ ለመሆኑ ማስረጃ ያደርገዋል። እኔ የሚገባኝ ጨዋታው ነገሩን ቀድሞ እንደነገራቸውና ያልሰማው ሰው እንደነበር ነው። ፕሩሳውያን ከ1824 ጀምሮ መኮንኖቻቸውን በእንዲህ ያለ ጨዋታ ሲያሠለጥኑ ዳኛ መሐል ያስቀመጡት ለቀልድ አልነበረም። ተጫዋቹ የማያየውን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ዳኛው ካዳላ ዳኛ መቀየር ነው።

ነውር ነው ወደሚለው እንምጣ። ይሄን በቁም ነገር ነው የምወስደው። ጁላይ 4 የሆነው ነገር ጨዋታ አልነበረም። ሰላሁዲን ከመስቀል ጦረኞቹ ጌቶች አንዱን፣ ሬይናልድ ደ ሻቲዮንን፣ በእጁ ገደለው፤ የተማረኩት የቴምፕላርና የሆስፒታለር ባላባቶች ተገደሉ፤ ተራው ሰው ባሪያ ሆኖ ተሸጠ። ምርኮኛው ከመብዛቱ የተነሣ ደማስቆ ላይ የባሪያ ዋጋ ወደቀ ይባላል። ይሄን ሸፍኖ ያማረ ባንዲራና ያማረ ፈረስ ብቻ የሚያሳይ ጠረጴዛ ካለ እኔም አልወደውም። እኛ ውጊያው ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የያዘው ሰው መጨረሻ ምን እንደሆነ እናነብለታለን። ከዚያ በፊት ማንም እቃ አይሰበስብም።

“ሃይማኖት ከሃይማኖት ጋር ማጋጨት ነው” የሚለው ግን አልተዋጠልኝም። ማጋጨቱን የሚያደርገው እኮ ባለሁለት ተጫዋቹ ጨዋታ ነው፤ ጸሐፊው ይበቃል ያሉት። እዚህ መስቀል፣ እዚያ ጨረቃ፤ አለቀ። ሰው ሲበዛ ያ ግድግዳ ይፈርሳል። ሬይሞንድ ከሰላሁዲን ጋር ስምምነት የነበረው ሰው ነው። በንጉሡ ጦር ውስጥ ተርኮፖል የሚባሉ የአገሩ ተወላጅ ቀላል ፈረሰኞች አሉ። የጄራርድ ቀንደኛ ጠላት ሰላሁዲን ይሁን ሬይሞንድ ለመለየት ያስቸግራል። ሬይናልድ የሰላምን ስምምነት ጥሶ ቅፍለት ሲዘርፍ ንጉሡ ካሳ ክፈል ቢለው አሻፈረኝ ያለ ሰው ነው። ሁሉም ነገር የእምነት ጉዳይ ነበር ብሎ የሚያምን ሰው የጄራርድን ካርድ ይዞ አንድ ምሽት ይቀመጥ።

ኮምፒውተሩ ቀረ። ኮምፒውተር ሠላሳ ሺህ ወታደር አንድ በአንድ ያሳያል፤ እኛ ለ100 ሰው አንድ ትንሽ ወታደር ነው የምናቆመው። በታሪክ ሰዎች ግምት የንጉሡ ጦር 20,000 ያህል ነበር፤ ባላባቶቹ 1,200። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ባላባቶቹ 12 ፈረሰኞች ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለት! የመንግሥቱ ኃይል በሙሉ በአንድ መዳፍ ይታፈሳል። ተጫዋቹ አንዱን ባነሣሁበት ቁጥር ሲጠባ ያየሁትን ትንፋሽ ማያ ገጽ ላይ አላየሁም። ለነገሩ ውበቱ ለኮምፒውተሩ ይሁንለት፤ አልከራከርም። ግን ሌሊት ክፍልህ ገብቶ ውለታህን የሚያስታውስህ ኮምፒውተር እስኪመጣ ድረስ ሐቲንን እዚህ ነው የምንጫወተው።

ጸሐፊው በመጨረሻ “ሙሉ ቀን ይፈጃል” ብለው ያማርራሉ። ይፈጃል። እኛ ለሁለት ከፍለነዋል፤ ምክር ቤቱና ሌሊቱ አንድ ምሽት፣ ሰልፉና ውጊያው በሌላ ቀን። በመሐል ባሉት ቀናት ተጫዋቾቹ እየተደዋወሉ ሲዶልቱ ይከርማሉ፤ ይሄን አልከለከልንም። ጸሐፊው መሞከር ከፈለጉ የጊን ካርድ እናስቀምጥላቸዋለን። የጄራርድን ግን ቃል አልገባም፤ ለእሱ ወረፋ አለ።